በአንድ ብሎክ አንድ ቤት፦ ኒው ኦርሊንስ በቀን የሚከራዩ ቤቶችን ሥርዓት ለማስያዝ የሄደችበት መንገድ

ለምን ይህን ጉዳይ መረጥኩ

ቤትን ለእንግዳ በቀን ማከራየት አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር መጠኑ ነው። ዛሬ አንድ የስልክ መተግበሪያ የቤት ባለቤትን ከማያውቀው መንገደኛ ጋር በደቂቃዎች ያገናኛል። ክፍያውንም እሱው ይቀበላል። ድሮ እዚህም እዚያም አንድ ሁለት ክፍል ይከራይበት የነበረ ሰፈር አሁን በጥቂት ዓመት ውስጥ ጎረቤቶቹን ሊያጣ ይችላል። የከተማ አስተዳደሮች ደግሞ ለዚህ የተዘጋጀ ሕግ አልነበራቸውም።

ብዙ ከተሞች ደንብ አውጥተዋል። የአሜሪካዋ ኒው ኦርሊንስ ግን ለትምህርት ትመቻለች። ከ2016 እስከ 2023 ባለው ጊዜ ሕጉን ሦስት ጊዜ ጻፈች። የመጀመሪያውን ገበያው ቀደመው። የሁለተኛውን ዋና ምሰሶ ፍርድ ቤት ጣለው። ሦስተኛውም ተከስሶ በአብዛኛው ጸና። ስለዚህ በአንድ ከተማ፣ በተመሳሳይ ቤቶች ላይ፣ የትኛው ዓይነት ደንብ እንደሚይዝና የትኛው እንደሚሾልክ ማየት ይቻላል። የማነሳው ሁሉ በአደባባይ የታወቀ ነው። የሰው ስም ግን አልጠቅስም። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከተማዋና ቤቶቿ

ኒው ኦርሊንስ በሉዊዚያና ግዛት፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር የተቆረቆረች ናት። በ2020 ቆጠራ ነዋሪዋ 384,000 ገደማ ነበር። ጎብኚዋ ግን ከዚህ ጋር አይመጣጠንም። በ2018 ብቻ ከ18 ሚሊዮን በላይ ሰው ጎብኝቷታል። ማርዲ ግራ የሚባለው የካርኒቫል በዓል አለ፣ የጃዝ ፌስቲቫል አለ፣ በየሳምንቱ መጨረሻ የሚመጣ የሠርግና የጓደኛሞች ጭፍራ አለ።

በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመታት የጎርፍ መከላከያ ግንቦቿ ተሰበሩ። የከተማዋ 80 በመቶ ያህል በውሃ ተዋጠ። ብዙ ቤት ጠፋ። ከተፈናቀለው ሰው ከፊሉ ሳይመለስ ቀረ። የመኖሪያ ቤት ጉዳይ ለዚህ ከተማ ሰው ገና ያልጠገገ ቁስል ነው። ወንዙ ዳር ያሉት እንደ ፍሬንች ኳርተር፣ ማሪኒና ባይዋተር ያሉ ሰፈሮች ከፍ ያለ መሬት ላይ ስለሆኑ በአብዛኛው ከጎርፉ ተርፈዋል። ቱሪስቱ ማደር የሚፈልገውም እዚያው አካባቢ ነው። ለነዋሪው የቀረው ደህና መሬትና እንግዳው የሚሻው መሬት አንድ ሆነ ማለት ነው።

በእነዚህ ሰፈሮች ሾትገን የሚባል የቤት ዓይነት ይበዛል። ጠባብና ረጅም ነው። ኮሪደር የለውም። ክፍሎቹ ከመንገዱ ፊት እስከ ጓሮ በአንድ መስመር ይሰለፋሉ። ከሳሎን ወደ ማድ ቤት ለመሄድ በመኝታ ክፍሎች መሃል ማለፍ ግድ ነው። ሁለት እንዲህ ያሉ ቤቶች በአንድ ጣሪያ ሥር አንድ ግድግዳ ተጋርተው ሲሠሩ ደብል ይባላሉ። ባለቤቱ በአንዱ ጎን ይኖራል፣ ሌላውን ያከራያል። ኪራዩ የባንክ ዕዳውን ያግዘዋል። ተከራዩም ለሥራው ቅርብ በሆነ ቦታ በአቅሙ ይኖራል። ብዙ የሠራተኛ ቤተሰብ በዚህ ዘዴ ቤት ይዞ ኖሯል። ይህን ደብል ልብ በሉልኝ። የሦስቱም ሕጎች ዋና ጥያቄ እሱ ላይ ያርፋል፦ ከግድግዳው ማዶ ያለው ጎን ለማን ይከራይ?

ችግሩ

እስከ 2017 ድረስ በመኖሪያ ሰፈር ቤትን ከ30 ቀን ላነሰ ጊዜ ማከራየት በአብዛኛው ክልክል ነበር። ክልከላው ግን ወረቀት ላይ ነበር። ተቆጣጣሪው የሚያስፈልገው አንድ ሰው ከፍሎ ለጥቂት ሌሊት ማደሩን የሚያሳይ ማስረጃ ነው። የኪራይ ማስታወቂያው ደግሞ ትክክለኛውን አድራሻ አያሳይም። አድራሻው የሚገለጠው እንግዳው ከከፈለ በኋላ ነው። ጎረቤት ደውሎ አቤት ቢል እንኳ ፋይሉ ተከፍቶ ሰው እስኪላክ እንግዳው ሻንጣውን ይዞ ሄዷል። በቀጣዩ ሳምንት ሌላ እንግዳ ይመጣል።

ነዋሪው ግን ያያል። በረንዳው ብረት ላይ ባለ ቁጥር የቁልፍ ሳጥን ተንጠልጥሏል። ዓርብ ማታ የማይታወቅ መኪና ደጁን ይዘጋል። ሌሊት ጭፈራ አለ። ሰኞ ጠዋት የተትረፈረፈ ቆሻሻ አለ። እነዚህ የሚያናድዱ ናቸው፣ ሆኖም በቅጣት ሊስተካከሉ ይችላሉ። የከበደው ሌላ ነው። ባለቤቱ ደብሉን ለወር ተከራይ ቢሰጠው የሚያገኘውን ገንዘብ በጥቂት የበዓል ሌሊቶች ካገኘ፣ የወር ተከራዩን ውል የማያድስበት ምክንያት ብዙ ነው። እያንዳንዱ ባለቤት ለራሱ ትክክለኛ ሒሳብ ይሠራል። የሁሉም ሒሳብ ሲደመር ግን ሰፈሩ ሰው ያጣል። ከአፍሪካ አሜሪካውያን ቀደምት ሰፈሮች አንዱ የሆነው ትሬሜ የሚጎበኘው በሙዚቀኞቹና በጎዳና ሰልፉ ነው። ሙዚቀኛው በኪራይ ውድነት ከተገፋ እንግዳው የመጣለት ነገር ራሱ ይቀራል።

የአከራዮቹም ወገን ሊሰማ ይገባዋል። ጡረተኞች ነበሩበት፣ አርቲስቶች ነበሩበት፣ የንብረት ግብርና የኢንሹራንስ ክፍያ ከአቅማቸው በላይ የሆነባቸው ሰዎች ነበሩበት። ትርፍ ክፍላቸውን ባያከራዩ ቤቱን ሊሸጡ ይችሉ ነበር። እነዚህንና ሃያ ቤት የያዘውን ኩባንያ በአንድ ስም አከራይ ብሎ መጥራት ነው ብዙ ክርክር ያበላሸው።

የመጀመሪያው ሕግ፦ ፈቃድ ያውጡ፣ ያከራዩ

የከተማው ምክር ቤት በዲሴምበር 2016 ንግዱን ሕጋዊ ለማድረግ ወሰነ። ሕጉ ከኤፕሪል 2017 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። መከልከል አልተቻለም፣ ስለዚህ እናስመዝግበው፣ ግብር እንሰብስብ፣ የተመዘገበውን እንቆጣጠር።

ፈቃዱ ሦስት ዓይነት ነበር። አንደኛው ባለቤቱ እዚያው እየኖረ ትርፍ ክፍሉን ወይም የደብሉን ሌላ ጎን የሚያከራይበት ነው። ሁለተኛው ጊዜያዊ ይባል ነበር። ሙሉ ቤትን በዓመት እስከ 90 ሌሊት ለማከራየት ይፈቅዳል፣ ባለቤቱ እዚያ መኖር አይጠበቅበትም። ሦስተኛው በንግድ ቀጠና ላሉ ቤቶች ነበር፣ የሌሊት ገደብም አልነበረበትም። ፍሬንች ኳርተር በአብዛኛው ክልክል እንደሆነ ቀረ። ፈቃድ ያለው ቤት ከመንገድ የሚታይ ምልክት ፊቱ ላይ መለጠፍ ነበረበት። ምልክቱ ላይ የፈቃዱ ቁጥርና የኃላፊው ስልክ ይጻፋል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ለጎረቤት ግን ትልቅ ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ማንን እንደሚያስነሳ ያውቃል።

ከተማዋ ከኪራይ መተግበሪያው ኩባንያ ከኤርቢኤንቢ ጋርም ተስማማች። ከእያንዳንዱ ሌሊት 1 ዶላር ለመኖሪያ ቤት ፈንድ ይገባል። ኩባንያው ስለ ኪራዮቹ መረጃ ይሰጣል። በጊዜው ስምምነቱ ለሌሎች ከተሞች አርአያ ተብሎ ነበር። ይሁን እንጂ የሚሰጠው መረጃ ስምና አድራሻ የሌለው ነበር። ከተማዋ በጠቅላላው ስንት ሌሊት እንደተከራየ ልታውቅ ትችላለች። የትኛው ቤት ከ90 ሌሊት እንዳለፈ ግን በቀላሉ አታውቅም።

የ90 ሌሊት ገደቡን ራሱን እንመልከተው። ገደብ ይመስላል። ግን ዓርብና ቅዳሜ ብቻ የሚያከራይ ሰው 90 ሌሊቱን በ45 ሳምንት ነው የሚጨርሰው። ቱሪስት በሳምንት መጨረሻ በሚበዛበት ከተማ ይህ ከሞላ ጎደል ዓመቱን በሙሉ ነው። በዚያ ላይ አንድ ሰው ስንት ጊዜያዊ ፈቃድ መያዝ እንደሚችል ወሰን አልተቀመጠለትም። ሙሉ ቤት ገዝቶ፣ ማንም ሳይኖርበት፣ በሕጋዊ መንገድ ትንሽ ሆቴል ማድረግ ተቻለ። አሥር ቤት ለገዛም በሩ ያው ክፍት ነበር።

ውጤቱ ለመታየት አንድ ዓመትም አልፈጀ። በማርች 2018 ጄን ፕሌስ የተባለ በመኖሪያ ቤት ጉዳይ የሚሠራ የአካባቢው ድርጅት ጥናት አወጣ። ፈቃድ ከያዙት አከራዮች 18 በመቶው ብቻ ፈቃድ ካላቸው ቤቶች ግማሽ የሚጠጋውን እንደያዙ አሳየ። ትርፍ ክፍሉን የሚያከራየው ጎረቤት ፊት ለፊት ይታያል፣ ገበያው ግን በጥቂቶች እጅ ነበር። ይህ ጥናት ሊሠራ የቻለው ከተማዋ የፈቃድ መዝገቧን ለሕዝብ ክፍት ስላደረገች ነው። በእኔ እምነት ይህ ከመጀመሪያው ሕግ በጎ ነገሮች ትልቁ ነው። ሕጉ ደካማ ነበር፣ መዝገቡ ግን ድክመቱን አጋለጠው።

በሜይ 2018 አዲስ የተመረጠው ምክር ቤት ሥራ በጀመረ በዚያው ወር ሙሉ ቤት የሚከራይበትን ጊዜያዊ ፈቃድ መስጠት ለዘጠኝ ወር አቆመ። የከተማው የፕላን ኮሚሽንም ጥናት እንዲያካሂድ ታዘዘ።

ሁለተኛው ሕግ፦ የሚኖርበት ሰው ብቻ

በኦገስት 2019 ምክር ቤቱ ሁለተኛውን ሕግ አጸደቀ። ከዲሴምበር 1 ቀን 2019 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ጊዜያዊ የሚባለው ፈቃድ ተሰረዘ። በመኖሪያ ሰፈር ፈቃድ የሚያገኘው እዚያው የሚኖር ባለቤት ብቻ ሆነ።

መኖሩ በምን ይረጋገጣል? እዚህ ላይ የሕጉ አርቃቂዎች ጥሩ አስበው ነበር። በሉዊዚያና ባለቤቱ ራሱ የሚኖርበት ቤት ከንብረት ግብር ላይ ቅናሽ ያገኛል። ከቤቱ ዋጋ የመጀመሪያው 75,000 ዶላር ከግብር ነፃ ነው። ይህን ቅናሽ አንድ ሰው በአንድ ቤት ላይ ብቻ ነው ማግኘት የሚችለው። ሕጉ ታዲያ ፈቃድ ለማግኘት የዚህን ቅናሽ ማስረጃ አምጡ አለ። የፈቃድ ቢሮው ሰው በር እያንኳኳ ማን የት እንደሚያድር መጠየቅ አላስፈለገውም። የግብር ቢሮው የያዘውን መዝገብ ማየት ይበቃዋል። የደብሉ ባለቤት በአንዱ ጎን እየኖረ ሌላውን ማከራየት ቻለ። አሥር ቤት የያዘው ግን ዘጠኙን ተወ፣ ቢያንስ በሕጉ መሠረት።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር መራጩ ሕዝብ በእነዚህ ኪራዮች ላይ የ6.75 በመቶ ግብር አጸደቀ።

ሕጉ ምን ያህል እንደሠራ ለይቶ መናገር ግን ከባድ ነው። ሥራ ላይ በዋለ በአራተኛው ወር ወረርሽኙ መጣና ቱሪዝሙ ቆመ። የማስታወቂያዎች መቀነስ ከሕጉ ይሁን ከኮቪድ መለየት አይቻልም። እንግዳው ሲመለስ ግልጽ የሆነው ነገር ያለ ፈቃድ የሚያከራይ ሰው አለመጥፋቱ ነው። አንዳንዱ ማስታወቂያው ላይ የሐሰት የፈቃድ ቁጥር ይጽፋል። አንዳንዱ የሌላ ቤት ቁጥር ይለጥፋል። ቁጥሩን ከከተማዋ መዝገብ ጋር የሚያመሳክር ማንም አልነበረም። ማረጋገጫው ፈቃድ ለሚጠይቀው ሰው ጥብቅ ነበር። ፈቃድ ለማይጠይቀው ሰው ግን ምንም አልነበረም።

ፍርድ ቤቱ ምን አለ

ፈቃዳቸው የማይታደስላቸውና ከሉዊዚያና ውጭ የሚኖሩ ባለቤቶች ያሉበት ቡድን በ2019 በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት በመኖሪያ ግዴታው ላይ ለከተማዋ ፈረደ። ጉዳዩ ወደ አምስተኛው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሄደ። ይህ ፍርድ ቤት መቀመጫው እዚያው ኒው ኦርሊንስ ነው። በኦገስት 22 ቀን 2022 የመኖሪያ ግዴታውን ሻረው።

ምክንያቱ ብዙ ሰው ያልጠበቀው ነበር። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በግዛቶች መካከል ያለውን ንግድ የመቆጣጠር ሥልጣን ለፌዴራሉ ምክር ቤት ይሰጣል። ፍርድ ቤቶች ከዚህ ተነስተው አንድ ግዛት ወይም ከተማ የውጭውን ነጋዴ ነጥሎ ከገበያው እንዳያስወጣ ይከለክላሉ። የኒው ኦርሊንስ ሕግ ባለቤቱ እዚያው ካልኖረ አያከራይም ይላል። ስለዚህ በቴክሳስ ወይም በሌላ ግዛት የሚኖር ሰው በኒው ኦርሊንስ መኖሪያ ሰፈር ምንም ቢያደርግ ፈቃድ ሊያገኝ አይችልም። ፍርድ ቤቱ ይህ አድልዎ ነው አለ።

ፍርዱን ሳነበው ያስደነቀኝ ግን የከተማዋን ዓላማዎች አለመንቀፉ ነው። ረብሻን መከላከል፣ ለኑሮ የሚቻል ቤት እንዲኖር ማድረግ፣ የሰፈርን መልክ መጠበቅ ሁሉም ትክክለኛ ዓላማዎች መሆናቸውን ተቀበለ። ያለው እነዚህን ያለ አድልዎ ማሳካት ይቻላል ነው። ቁጥጥሩን አጠንክሩ፣ ቅጣቱን ከፍ አድርጉ፣ የሚያጠፋውን ፈቃድ ንጠቁ። ባለቤቱ ሳይሆን አስተዳዳሪው ሌሊት እዚያው እንዲያድር አድርጉ። በመኖሪያ ሰፈር ስንት ቤት ለዚህ ሥራ እንደሚውል ወሰን አስቀምጡ። በሌላ በኩል ከሳሾቹ ፈቃዳችን የንብረት መብታችን ነው ብለው ያቀረቡትን ክርክር አልተቀበለም። ፈቃዱን የማሳደስ መብት በንብረትነት አልቆመላቸውም። ይህ ሁለተኛው ነጥብ በዜና ብዙም አልተወራም፣ ለከተሞች ግን ከመጀመሪያው የማይተናነስ ዋጋ አለው።

ሦስተኛው ሕግ፦ አንድ ብሎክ፣ አንድ ቤት

ምክር ቤቱ ፍርዱን ይዞ ተቀመጠ። በማርች 2023 ሦስተኛውን ሕግ አጸደቀ፣ ከጁላይ 1 ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። ከፍርዱ ጋር ጎን ለጎን ካነበባችሁት ምላሹ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ባለቤቱ የትም ይኑር የሚል ሆነ፤ ነገር ግን ቤቱን የሚያስተዳድር አንድ ሰው እዚያው ግቢ መኖር አለበት። ያ ሰው ከአንድ ቤት በላይ ፈቃድ አይዝም። በመኖሪያ ሰፈር ደግሞ በአራት መንገድ በተከበበ አንድ ብሎክ ውስጥ አንድ ቤት ብቻ ይፈቀዳል። ከአንድ በላይ ሰው ካመለከተ ዕጣ ይወጣል። ምክር ቤቱ በልዩ ውሳኔ በአንድ ብሎክ እስከ ሁለት ቤት ሊጨምር የሚችልበት ቀዳዳም ተተወ።

ዕጣው በኦገስት 2023 ወጣ። በዚያው ወር ባለቤቶቹ እንደገና ከሰው የፌዴራል ዳኛው አፈጻጸሙን ለጊዜው አገደ። በ2024 መጀመሪያ ግን ያው ፍርድ ቤት በአንድ ብሎክ አንድ የሚለውን ገደብ ጨምሮ አብዛኛውን አጸና።

ይህ ገደብ ለቁጥጥር በጣም ይመቻል። ተቆጣጣሪው ማን የት እንደሚኖር መመርመር አያስፈልገውም። ካርታ ይከፍታል። በዚህ ብሎክ ፈቃድ ያለው ቤት ይህ ነው፣ ሌላው ሁሉ ያለ ፈቃድ ነው። ጎረቤትም እንዲሁ ያውቃል።

ፍትሑ ላይ ግን ልቤ አልረጋም። ሁለት ደብሎች በአንድ ብሎክ አሉ እንበል። በአንዱ ለሠላሳ ዓመት የኖሩ እናት ከግድግዳው ማዶ ያለውን ጎን ያከራያሉ። በሌላው አንድ ኢንቨስተር አስተዳዳሪ አስቀምጧል። ለዕጣው ሁለቱ እኩል ናቸው። እናት ሊሸነፉ ይችላሉ። ሁለተኛው ሕግ በትክክል ለእኚህ ሴት ታስቦ የተጻፈ ነበር። ፍርዱ የከለከለው በመኖሪያ መለየትን ነው፣ ስለዚህ ከተማዋ በዕድል መለየትን መረጠች። ሕጋዊ መፍትሔ ነው። ጥሩ መፍትሔ ነው ብዬ ግን ለመናገር ይከብደኛል። በሁሉም ላይ እኩል የሚጣልና ሌሊቱ በበዛ ቁጥር የሚጨምር የፈቃድ ክፍያ ቢኖር፣ አልፎ አልፎ የሚያከራየውን ሰው ከሙሉ ጊዜ ነጋዴው የሚለይ መንገድ ይሆን ነበር ብዬ አስባለሁ። ፍርዱ ለዚህ በር አልዘጋም።

ወደ መተግበሪያዎቹ መዞር

ሦስቱም ሕጎች አንድ ድክመት ይጋራሉ። ከተማዋ የምታሳድደው ቤት በቤት ነበር። መተግበሪያው ደግሞ የሁሉንም ቤት አድራሻ፣ የባለቤቱን ማንነት፣ የተከራየበትን ሌሊትና የተከፈለውን ገንዘብ ያውቃል። የሚቆጣጠረው አካል ሳያውቅ ሻጩ ሁሉን የሚያውቅበት ገበያ ነው።

ምክር ቤቱ በ2024 ይህን ለመለወጥ ወሰነ። ከጁን 2025 ጀምሮ መተግበሪያዎቹ ራሳቸው የፈቃዱን ቁጥር ከከተማዋ መዝገብ ጋር እንዲያረጋግጡ፣ ያልተፈቀደ ቤት እንዳያስይዙ የሚያዝ ደንብ አወጣ። ኤርቢኤንቢ በፌብሩዋሪ 2025 በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ።

ይህ መንገድ ሌላ ቦታ ተሞክሯል። በካሊፎርኒያ የሳንታ ሞኒካ ከተማ ያልተመዘገበ ቤት የሚያስይዝ መተግበሪያን ተጠያቂ ያደርግ የነበረውን ደንቧን ዘጠነኛው የይግባኝ ፍርድ ቤት በማርች 2019 አጽንቶላታል። ኒው ዮርክም በ2022 ያወጣችውን የምዝገባ ሕግ ከሴፕቴምበር 5 ቀን 2023 ጀምሮ ማስፈጸም ስትጀምር፣ መተግበሪያዎቹ ያልተመዘገበ ቤት ክፍያ እንዳያስተናግዱ ከለከለች። የማስታወቂያው ቁጥር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በእጅጉ አሽቆለቆለ። የአውሮፓ ኅብረትም በ2024 የምዝገባ ቁጥርንና የመረጃ ልውውጥን የሚመለከት ደንብ አውጥቶ ከሜይ 20 ቀን 2026 ጀምሮ እንዲሠራ ወስኗል።

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም

ክፍት መዝገቡ ሠርቷል። ያለ እሱ የ2018ቱ ክርክር በስሜት ብቻ ይቀር ነበር። በቤቱ ፊት የሚለጠፈው ምልክትም ጠቅሟል፣ ምክንያቱም ኃላፊነቱን ስልክ ቁጥር ካለው ሰው ጋር ያያይዛል። ፈቃድ መስጠትን ለጊዜው ማቆምም ጠቅሟል። ሕግ እስኪረቀቅ ድረስ ሰው ቤት ለመግዛት እንዳይሽቀዳደም አድርጓል። የግብር ቅናሹን እንደ ማስረጃ መውሰድ እንደ አሠራር ብልህ ነበር። የወደቀው በሕግ እንጂ በአፈጻጸም አይደለም።

የሌሊት ገደቡ አልሠራም። ከመረጃው ጋር ሲታይ ሊሠራም አይችልም ነበር። የሚቆጥረው ሰው የሌለው ገደብ ምኞት ነው። ስምና አድራሻ የሌለው መረጃ ለመግለጫ እንጂ ለቁጥጥር አልሆነም። የቀን ቅጣቱም እስከ 500 ዶላር ስለነበር፣ በበዓል ሰሞን ከዚያ በላይ ለሚያስገባ ትልቅ ቤት ቅጣቱ ወጪ ሆኖ በሒሳብ ውስጥ ይገባ ነበር። በየጊዜው የተለወጠው ሕግ ደግሞ ሌላ ጉዳት አደረሰ። ሕግ አክብሮ ፈቃድ ያወጣ፣ በዚያ ተማምኖ ቤቱን ያደሰ ሰው ሦስት ጊዜ ከዜሮ ጀመረ። ፈቃድ ሳያወጣ ተደብቆ ያከራየው ግን ምንም አልተለወጠበትም። አንድ ከተማ ሰዎች ተመዝገቡ ስትላቸው እንዲመጡ ከፈለገች ይህን ልታስብበት ይገባል።

የኪራይ ዋጋስ ወረደ ወይ? ብዙ ሰው የሚጠይቀው ይህን ነው። በወረርሽኙ፣ በኢንሹራንስ ውድነትና በአውሎ ነፋስ መሃል የአንድን ደንብ ድርሻ ለይቶ ማውጣት ስለማይቻል፣ ደንቡ ኪራይ ያወርዳል ብሎ ቃል የገባ ባለሥልጣን ራሱን ለማይመዘን ነገር አስሯል። በብሎኩ ውስጥ ስንት ቤት ነዋሪ እንዳለበት ግን ሊቆጠር ይችላል። ቃል መገባት ያለበት በሚቆጠረው ነገር ላይ ነው።

ሌላ ከተማ ምን ይውሰድ

ከሁሉ በፊት የማስታውሰው ቅደም ተከተሉን ነው። ኒው ኦርሊንስ መተግበሪያውን የማስገደድ ደንብ ላይ የደረሰችው ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። መጀመሪያ ላይ መሆን ነበረበት። ፈቃድ የሌለው ቤት በመተግበሪያው ላይ መታየት ካልቻለ፣ ደንቡ 90 ሌሊት ይበል፣ አንድ ብሎክ ይበል፣ ሌላ ገደብ ያስቀምጥ፣ የሚፈጸም ይሆናል። ያ ከሌለ የትኛውም ገደብ ለታማኙ ሰው ብቻ የተጻፈ ነው። ከኩባንያው ጋር የሚደረግ የፈቃደኝነት ስምምነትም አድራሻ ካልያዘ መፈረም የለበትም። የከተማዋ የመደራደር አቅም ትልቅ የሚሆነው ንግዱን ሕጋዊ ከማድረጓ በፊት ነው፣ ከዚያ በኋላ ይቀንሳል።

ሁለተኛው ትምህርት ሕግ አርቃቂዎችን ይመለከታል። ደንቡ ቤቱ ውስጥ የሚሆነውን ነገር ይግዛ፦ ሌሊት ማን አለ፣ ስንት ሰው ያድራል፣ በአካባቢው ስንት እንዲህ ያለ ቤት አለ። ባለቤቱ ከየት ነው የሚለውን ጥያቄ ከነካ ከውጭ ሰው ጋር ክርክር ውስጥ ይገባል። የየአገሩ ሕገ መንግሥት ይለያያል፣ ሆኖም ንግድን በነዋሪነት የሚገድብ ደንብ በብዙ ቦታ የሚመረመር ነው። አስተዳዳሪው እዚያው ይኑር የሚለው ድንጋጌ ለረብሻው ችግር ያው ጥቅም አለው። ረብሻ የሚያስቆመው በቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ነው፣ የባለቤትነት ካርታ አይደለም።

አነስተኛውን አከራይ ከነጋዴው መለየት ከመጀመሪያው ቀን መጀመር አለበት። አንድ ሰው፣ አንድ ፈቃድ የሚለው መስመር በ2016 ገብቶ ቢሆን ኖሮ አሥር ቤት የገዛው ሰው ባልገዛ ነበር። በ2019 ሲገባ ግን ቤቶቹ ተገዝተዋል፣ ብድር ተወስዶባቸዋል፣ ጠበቃ ቆሞላቸዋል። ፈቃዱ ላይም ለአንድ ዓመት ብቻ እንደሚያገለግልና መታደሱ ዋስትና እንደሌለው በግልጽ ይጻፍ። በ2022 ከተማዋን ከካሳ ጥያቄ ያዳናት ይህን የመሰለ ነገር ነው።

በመጨረሻ የማነሳው የሰው ኃይል ነው። የፈቃድ ክፍያው ሲተመን ተቆጣጣሪውን፣ ማስታወቂያዎቹን በየቀኑ ከመዝገቡ ጋር የሚያመሳክረውን ባለሙያና አቤቱታ የሚሰማውን ችሎት እንዲሸፍን ይታሰብ። ክፍያው ወደ ጠቅላላው በጀት ገብቶ ከቀለጠ ሕጉ ሰው አልባ ይቀራል። ሌሊት የሚነሳ መስመርም ያስፈልጋል። የእነዚህ ቤቶች ችግር የሚፈጠረው ቢሮ ከተዘጋ በኋላ፣ ዓርብና ቅዳሜ ማታ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ብቻ የሚሠራ ቁጥጥር እንግዳውን አንድም ቀን አያገኘውም።